ምዕራፉ አይዘለል

ይድረስ፦ ለጎንደር ከተማ አስተዳደር ትምህርት መምሪያ
ግልባጭ፦ ለአማራ ክልል ትምህርት ቢሮ፣ ለጎንደር ወላጆች በሙሉ
ጉዳዩ፦ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሚሰጠው የሥነ ተዋልዶ ጤና ትምህርት የተጻፈ ደረጃ እንዲወጣለት ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የመምሪያው ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

በከተማችን በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የሴት ልጅ እናትም ነኝ። የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ምዕራፍ ነው። ስለ መራቢያ አካላት፣ ስለ ወር አበባ፣ ስለ እርግዝና፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ስለሚተላለፉ በሽታዎች የሚናገረው ምዕራፍ። መጽሐፉ ውስጥ አለ። ዓመታዊ ዕቅዱ ላይም አለ። ክፍል ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የለም።

እንዴት እንደሚጠፋ ላስረዳ። ምዕራፉ ሲደርስ "ይህን ቤታችሁ አንብቡት" ይባላል። ወይም ፈተና ተቃረበ ተብሎ ይታለፋል። ወይም ሥዕሉ ሰሌዳ ላይ ይሳልና ስሞቹ በእንግሊዝኛ ይደረደራሉ፤ ተማሪው ይሸመድዳል፣ ይፈተናል፣ ይረሳል። በዕቅዱ ላይ "ተሸፍኗል" ተብሎ ይፈረማል። አታስተምሩ ብሎ የከለከለ የለም። አስተማራችሁ ወይ ብሎ የጠየቀም የለም። መምህሩ ደግሞ ሰው ነው። የወላጅ ቁጣ አለ፣ የሰፈር ወሬ አለ። ከነገሩ ጦም እደሩ ይልና ያልፈዋል። አልፈርድበትም።

በዚህ የተነሳ ትምህርቱ በመምህሩ ድፍረት ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ደፋር መምህር የደረሰው ክፍል ይማራል፤ ጎረቤት ያለው ክፍል አይማርም። ሒሳብ በዚህ መንገድ ቢሰጥ ዝም የሚል ወላጅ አይኖርም። የምጠይቃችሁ አዲስ ትምህርት እንድትፈጥሩ አይደለም። ያለው በእርግጥ መሰጠቱን የሚያረጋግጥ፣ በየክፍሉ ልጁ ምን ማወቅ እንዳለበት የሚለይ፣ ወላጅ አንብቦ የሚያውቀው ደረጃ እንድታወጡ ነው። የተጻፈ፣ ማኅተም ያረፈበት።

ጉዳዩ ከወረቀት በላይ መሆኑን የተረዳሁት ከተማሪዎቼ ጥያቄ ነው። አንድ ሰሞን የጫማ ካርቶን ላይ ቀዳዳ አበጀሁና ክፍሉ ጥግ ላይ አስቀመጥሁት። "ስም አትጻፉ፤ ለመጠየቅ ያፈራችሁትን ጽፋችሁ ክተቱበት" አልኋቸው። መጀመሪያ ባዶ ነበር። እየዋለ እያደረ ሞላ። ከደብተር የተቀደደ፣ ታጥፎ ታጥፎ ጥፍር ያከለ ወረቀት። አንዳንዱ የእጅ ጽሑፉ እንዳይታወቅበት ሆን ብሎ አጣሞ የጻፈ ነበር። የመጡት ጥያቄዎች እነዚህን ይመስላሉ፦

"ወንድ የተነሳበት ወንበር ላይ ወዲያው ብቀመጥ አረግዛለሁ?"

"ቲቸር፣ የመጀመሪያ ቀን አይረገዝም የሚሉት እውነት ነው?"

"ወር አበባዬ ሁለት ወር ቀረ። ከማንም ጋር አልነበርሁም። ምን ሆኜ ነው?"

"በሕልሜ ሌሊት የሚፈሰኝ ነገር በሽታ ነው? ለንስሐ አባቴ ልንገር ወይስ ለሐኪም?"

"የአከራያችን ልጅ ማታ ማታ በር ይደበድብብኛል። ለማን ነው የሚነገረው?"

የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ልጆች ናቸው። የወንበሩን ጥያቄ የጻፈችው ልጅ በዚያ ፍርሃት ስንት ጊዜ እንቅልፍ እንዳጣች አስቡት። የሁለት ወሯ ልጅም እንዲሁ። ወር አበባ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መዛባቱ የተለመደ ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃት ነበር። የሌሊቱ ነገር በጉርምስና ዕድሜ ተፈጥሯዊ መሆኑን ያ ወንድ ልጅ ማንም አልነገረውም። ደግሞ "የመጀመሪያ ቀን አይረገዝም" የሚለው ወሬ ከተማውን ሙሉ ይዞራል። በመጀመሪያው ግንኙነትም ይረገዛል። እንዲያውም አንዲት ልጅ የመጀመሪያ ወር አበባዋን ከማየቷ በፊትም ልታረግዝ ትችላለች፤ እንቁላሉ የሚወጣው ደሙ ከመታየቱ በፊት ነውና። ይህን የሚያውቅ ተማሪ እስካሁን አልገጠመኝም።

የመጨረሻዋ ወረቀት ግን እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አትወጣም። ስም ስለሌላት የማን እንደሆነች ማወቅ አልችልም። ስለዚህ በማግስቱ ለመላው ክፍል ተናገርሁ። እንዲህ ያለ ነገር የገጠማት የት ትሄዳለች፣ ለማን ትናገራለች፣ ጥቃት ከደረሰ ለምን ሳይታጠቡ ፈጥኖ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል፣ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት ለምን በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ያንን ለመናገር ግን ማታውን ለማውቃቸው ሰዎች ስልክ ስደውል ነበር ያመሸሁት። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ አንድ ስልክ ቁጥር እንኳ አልነበረም። ለመምህራን የተሰጠ መመሪያም አልነበረም። እኔ ያንን ያደረግሁት ስለመሰለኝ ነው። ያልመሰለው መምህር ክፍል ውስጥ ብትጻፍስ ኖሮ?

ስለ አከራይ ካነሳሁ አይቀር፣ ጎንደር ውስጥ ስለሚኖሩ አንድ ዓይነት ተማሪዎች ላውራችሁ። ታውቋቸዋላችሁ። ከደምቢያ፣ ከወገራ፣ ከላይ አርማጭሆ፣ ከጎንደር ዙሪያ ገጠር ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚመጡትን። አባት ለሁለት ለሦስት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራይላቸዋል። ቸቸላ፣ ሳሙና በር፣ አዘዞ፣ ቤት የረከሰበት ሁሉ። ቅዳሜ ገበያ የመጣ ዘመድ ስንቅ ያቀብላል፤ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሽሮ። ከዚያ በኋላ ልጅቱ ብቻዋን ናት። 15 ወይም 16 ዓመቷ ነው። ምግብ ራሷ ታበስላለች፣ ውኃ ራሷ ትቀዳለች። በሩ ቆርቆሮ ነው። ከውስጥ የሚዘጋው በሽቦ ነው። ስንቁ ሳያልቅ ይደርሳል ያለችው ዘመድ ሲዘገይ ብር የሚያበድር ሰው አይጠፋም። በነፃ ልሸኝሽ የሚል ባለ ባጃጅ አይጠፋም። እናቷ አጠገቧ የለችም። አክስት የለችም። "ይህ ሰው ምን ፈልጎ ነው?" ብላ የምትጠይቀው ታላቅ እህት የለቻትም። ያላት አዋቂ ሰው መምህሯ ነው። መምህሯ ደግሞ ምዕራፉን ዘሎታል።

በነሐሴ 2016 ዓ.ም. የባሕር ዳሯ የሰባት ዓመት ሕፃን ተደፍራ የመገደሏ ጉዳይ አገሩን ሁሉ ሲያስለቅስ ታስታውሳላችሁ። ጥፋተኛ የተባለው እናቷ የተከራየችበት ግቢ ባለቤት ነበር፤ 25 ዓመት ተፈርዶበታል። ያኔ ሁላችንም ስለ ቅጣቱ አወራን። ቅጣቱ አነሰ ተባለ፣ ይግባኝ ተባለ፣ ፊርማ ተሰበሰበ። ተገቢ ነው። እኔን ያሳዘነኝ ግን በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል "ልጆቻችንስ ስለ ሰውነታቸው ምን እየተማሩ ነው?" የሚል ጥያቄ ጎልቶ አለመሰማቱ ነው። አንድ ትምህርት ወንጀለኛን አያስቆምም፤ ለሕፃን ይህን ሸክም ማሸከምም ነውር ነው። ግን የ1ኛ ክፍል ልጅ የሰውነቷን ክፍሎች በስማቸው የምታውቅ ከሆነ፣ ማንም እንዳይነካት መብት እንዳላት ከተነገራት፣ ለእናት አትናገሪ የተባለ ምሥጢር ሁሉ ለእናት የሚነገር መሆኑን ከሰማች፣ ቀድማ የመናገር ዕድሏ ይሰፋል። እኛ ደግሞ ቀድመን እንሰማለን።

ሌላው ጥር ነው። በጎንደር ገጠር ያስተማረ መምህር ሁሉ ይህን ያውቃል። ጥምቀት ያልፍና የሰርግ ሰሞን ይገባል። ከዚያ ስም ሲጠራ "አቤት" የማይል ወንበር ይኖራል። ጓደኞቿ አንገታቸውን ይደፋሉ። "ተድራለች" ይላል አንዱ ከኋላ። የቤተሰብ ሕጉ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው ይላል፤ የፌዴራሉም የክልላችንም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ያለ ዕድሜ ጋብቻ የፈጸመ ሰው ልጅቱ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከዚያ በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት እንደሚጠብቀው ይደነግጋል። ሕጉ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ እየተሠራበት ነው። ተማሪዎቼን ስጠይቃቸው 18 ዓመት የሚለውን ብዙዎቹ ሰምተዋል። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ለማን እንደሚነገርና ከተነገረ በኋላ ምን እንደሚሆን ግን አያውቁም። ለልጅ የሚጠቅማት ይኸኛው ዕውቀት ነው።

እዚሁ ክልላችን ውስጥ ጥሩ ምሳሌ አለን። በ1996 ዓ.ም. ሞሰቦ በምትባል የገጠር ቀበሌ "ብርሃን ሔዋን" የሚባል ፕሮግራም ተጀመረ። ለልጃገረዶች የትምህርት ቁሳቁስ ተሰጠ። ሴት አማካሪዎች ተመደቡላቸው። ከወላጆችና ከአካባቢው ሰው ጋር ተከታታይ ውይይት ተደረገ። ልጃቸውን ለሁለት ዓመት ሳይድሩ ላቆዩ ቤተሰቦች ፍየል ወይም በግ ተሰጠ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉ ልጃገረዶች ላይ ጋብቻው በጣም ቀነሰ፤ ትምህርት ቤት የሚሄዱትም በዙ። ያንን ያደረጉት እንደኛው ያሉ ገበሬዎች ናቸው። ልጃቸውን አይወዱም የሚባሉ አልነበሩም። ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳያቸው ሰው ነበር ያጡት።

ያለ ዕድሜ የተዳረች ልጅ በሰውነቷ ላይ የሚደርሰውን ለመምሪያው መንገር አያስፈልገኝም። በተራዘመ ምጥ የተጎዱ ሴቶች የሚታከሙበት፣ ባሕር ዳር ያለው የሐምሊን ፌስቱላ ማዕከል ለምን እንደተከፈተ ሁላችንም እናውቃለን።

አሁን ወደ ከተማው ልመለስ። ልጆቻችን ትምህርት ቤት ካላስተማራቸው አይማሩም ማለት አይደለም። እየተማሩ ነው። ከቲክቶክ፣ ከቴሌግራም፣ ከዕድሜ እኩዮቻቸው፣ ሌሊት በተሸሸገ ስልክ ላይ ከሚያዩት የብልግና ፊልም። ፒያሳ ያሉ ፋርማሲዎችን ጠይቁ። ዩኒፎርሟ ላይ ጃኬት ደርባ "ፖስትፒል" (ድንገተኛውን የእርግዝና መከላከያ) የምትል ተማሪ አዲስ አይደለችም። ስሙን ታውቃለች። በ72 ሰዓት ውስጥ መወሰድ እንዳለበትና በፈጠነ ቁጥር እንደሚሻል ግን ላታውቅ ትችላለች። ከኤችአይቪ እንደማይከላከል ላታውቅ ትችላለች። ካረገዙ በኋላ እንደማይሠራ ላታውቅ ትችላለች። መድኃኒቱ ከተማችን ገብቷል፤ ዕውቀቱ ነው የቀረው። ልጅቱን ፋርማሲ ደጃፍ ላይ አይቶ የሚቆጣ ሰው ብዙ ነው። ከዚያ በፊት ያናገራት ሰው ግን ጥቂት ነው።

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉ ሴቶች 13 በመቶዎቹ ወልደው ወይም የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዘው ነበር። ከ15 እስከ 24 ዓመት ካሉ ወጣቶች ስለ ኤችአይቪ የተሟላ ዕውቀት የነበራቸው ደግሞ ከሴቶች 24 በመቶ፣ ከወንዶች 39 በመቶ ብቻ ናቸው። የፀረ ኤድስ ክበብ በየትምህርት ቤቱ እንዴት ደምቆ እንደነበር የእኔ ዕድሜ ያለው መምህር ያስታውሳል። ድራማው፣ ግጥሙ፣ በሰንደቅ ዓላማ ሰዓት በሚኒ ሚዲያ የሚነገረው መልእክት። የእርዳታው ገንዘብ ሲደርቅ ክበቡም አብሮ ደረቀ። በክበብ ላይ የቆመ ነገር እንዲህ ነው። ክበብ ይመጣል ይሄዳል። ደረጃ ግን ይቆያል፤ ለዚህ ነው ደረጃ የምለው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ክትባቱን። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች የማኅጸን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት መሰጠት ተጀምሯል፤ በትምህርት ቤት በኩልም ይሰጣል። እጅግ ጥሩ ሥራ ነው። ግን ሰልፍ ላይ የቆሙት ልጆች "ያመክናል አሉ" እያሉ ሲንሾካሾኩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እናት መጥታ ልጇን ከሰልፍ ስታወጣም አይቻለሁ። ያቺ እናት ክፉ አይደለችም፤ የነገራት የለም። ካንሰሩን የሚያመጣው ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ ነው። በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል። ክትባቱ በደንብ የሚሠራው ልጅቱ ለቫይረሱ ሳትጋለጥ በፊት ሲሰጥ ነው፤ በልጅነት የሚሰጠውም ለዚህ ነው። ይህን ከመርፌው ቀደም ብሎ ክፍል ውስጥ መናገር ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

የተከበራችሁ ወላጆች፣ አሁን ወደ እናንተ ልዙር። ግልባጩን ለእናንተም ያደረግሁት ያለ እናንተ ይህ ነገር እንደማይሆን ስለማውቅ ነው።

ሥጋታችሁን ሰምቻለሁ፤ እኔም ወላጅ ነኝ። አንዱ ሥጋት "ያልነቃውን ልጅ ማንቃት ነው" የሚለው ነው። ይህ በብዙ አገሮች ተጠንቷል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ከዓለም ጤና ድርጅትና ከሌሎች ጋር ሆኖ በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ጥናቶቹን ገምግሟል። ትምህርቱ ልጆችን ወደ ግንኙነት አይገፋም። ብዙ ጊዜ የሚጀምሩበትን ዕድሜ ያዘገያል። ጥናቱን ተዉት ብትሉ እንኳ የካርቶኑን ወረቀቶች አስቡ። እነዚያ ልጆች ነቅተዋል። የጎደላቸው እውነቱን የሚነግራቸው ሰው ነው።

ሁለተኛው ሥጋት "የውጭ አጀንዳ ይገባበታል" የሚለው ነው። ይህን ሥጋት ማጣጣል አልፈልግም። መልሱ ግን ዝምታ አይደለም፤ ሥራውን በአደባባይ መሥራት ነው። ደረጃው እዚሁ ይጻፍ። በአማርኛ ይጻፍ። ከመጽደቁ በፊት በየትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ያንብበው። ካህናቱም የመስጊድ አባቶችም ያንብቡት። መታረም ያለበት ይታረም። የውጭውን ሰነድ ገልብጡት አልልም። ከእሱ የምወስደው አንድ ነገር ነው፦ ለእያንዳንዱ ዕድሜ የሚመጥነውን ለይቶ፣ ደረጃ በደረጃ ማስተማር። ምስጢር የበዛበት ነገር ነው ጥርጣሬ የሚያመጣው። ወላጅ መጽሐፉን በእጁ ይዞ ካነበበው ወሬ ቦታ አያገኝም።

ካህናቱን ያነሳሁት እንዲሁ አይደለም። በእኛ ከተማ ሰው ለሐኪም የማይነግረውን ለንስሐ አባቱ ይነግራል። ያ ልጅ ስለ ሕልሙ ሲጠይቅ መጀመሪያ የመጡለት ንስሐ አባቱ ናቸው። ስለ ጋብቻ ዕድሜ፣ ልጃገረዶችን ስለማስተማር፣ ወንድ ልጅ ሴትን ስለማክበር ከቤተ ክርስቲያን ዐውደ ምሕረት ላይ የሚነገር ቃል ከእኔ የአንድ ዓመት ትምህርት ይበልጣል። ጎን ለጎን መሥራት እንችላለን። እነሱ ስለ ንጽሕናና ስለ ታማኝነት ያስተምሩ፤ እኛ ሰውነት እንዴት እንደሚሠራ እናስተምር። አንዱ ሌላውን አይሽርም።

ደረጃው ምን ይያዝ ብትሉኝ የማስበውን ልናገር። በታችኞቹ ክፍሎች ከላይ ያልሁት ነው፦ የሰውነት ክፍሎች ስም፣ ክፉ ንክኪ፣ ለማን እንደሚነገር። 5ኛና 6ኛ ክፍል ላይ ጉርምስና፣ ሳይመጣ በፊት። ይህ ነጥብ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ልጆቹ 9ኛ ክፍል እኔ ጋ ሲደርሱ አብዛኞቹ ሴቶች ወር አበባ ካዩ ቆይተዋል፤ አንዳንዷ ያየች ዕለት ልሞት ነው ብላ አልቅሳለች። ለእሷ ዘግይተናል። 7ኛና 8ኛ ላይ እርግዝና እንዴት እንደሚፈጠር፣ ኤችአይቪ፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻ፣ እምቢ ማለትና እምቢታን መቀበል። ከ9ኛ በኋላ የእርግዝና መከላከያዎች፣ የአባላዘር በሽታዎች፣ ጥቃትና ሕጉ። የወንጀል ሕጉ ከ13 ዓመት በታች ባለ ልጅ ላይ የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ጥቃትን ከ13 እስከ 25 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ፣ አጥፊው የልጅቱ መምህር ወይም አሳዳጊ ሲሆን ደግሞ ቅጣቱ እንደሚከብድ ተማሪው ይወቅ። እኛ መምህራንም እንወቀው።

ወንዶቹን ደግሞ አትርሱብኝ። "ሴቶቹ ይቅሩ፣ ወንዶቹ ውጡ" የሚባልበት ትምህርት ይብቃ። አንዳንዱ ርእስ ለየብቻ ቢሰጥ እስማማለሁ፤ ልጆቹም ዘና ይላሉ። ነገር ግን ወንዶቹን ውጭ ኳስ እያስጫወቱ ሴቶቹን ብቻ "ተጠንቀቁ" ማለት ሸክሙን ሁሉ በአንድ ወገን መጫን ነው። የልጅቱን ቀሚስ ደም ሲነካው የሚስቀው ልጅ ያንን ምን እንደሆነ የነገረው የለም። በር የሚደበድበውም የአንድ ሰው ልጅ ነው፤ እሱም የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር።

መምህሩንም ደረጃው ይጠብቀው። አንድ ወንድ ባልደረባዬ "እኔ ይህን ባስተምር ነገ ስሜ ይጠፋል" ብሎኛል። እውነቱን ነው። ዛሬ ወላጅ ቢከሰው "መምሪያው ያዘዘኝን ነው" ብሎ የሚያሳየው ወረቀት የለውም። ወረቀቱን ስጡት። ሥልጠናም ስጡት፤ ለሚያፍረውም አማራጭ አብጁለት። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አሉን። ዩኒቨርሲቲያችን በየዓመቱ አዋላጅ ነርሶችንና ሐኪሞችን ያስመርቃል። ጎንደር በዚህ ነገር ሰው የሚቸግራት ከተማ አይደለችም። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጁ የተከፈተው እዚህ ነው። ቆላ ድባ ላይ ወባ ሰው ከፈጀ በኋላ፣ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ሕዝቡ የላከው ያ ኮሌጅ ነው። ሐኪም በሽተኛን ከመጠበቅ ወደ ሕዝቡ ሄዶ ማስተማር አለበት የሚለው ሐሳብ በዚህ አገር መሬት የረገጠው እኛ ዘንድ ነው። ኮሌጁ ካለበት እስከ ትምህርት ቤታችን ያለው መንገድ በእግር ያስኬዳል።

የሞዴስና የውኃ ጉዳይንም ደረጃው ይጥቀሰው። ሰፊ ንግግር አያሻውም። መጸዳጃው በር ከሌለው፣ ከውስጥ ካልተዘጋ፣ ውኃ ከሌለ ስለ ወር አበባ ንጽሕና ያስተማርሁት ሁሉ ባዶ ነው። ልጅቱ በእነዚያ ቀናት ቤቷ ትቀራለች። እኔም "ቀሪ" ብዬ እመዘግባታለሁ።

ባለፉት ዓመታት በክልላችን ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ ስንት ልጅ ከገበታ እንደቀረ ታውቃላችሁ። "በዚህ ጊዜ ይህ ነው ወይ የሚያሳስበው?" የምትሉ ትኖራላችሁ። በዚህ ጊዜ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጅ ትዳራለች። ከቀየ የተፈናቀለ ቤተሰብ በጠባብ ቤት ከማያውቀው ሰው ጋር ይኖራል። ጥቃቱ ይበዛል፣ የሚነገርለት ቦታ ይጠፋል። ገበታ ላይ የቀረችልንን ልጅ እንኳ በደንብ እናስተምራት።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 9 ላይ ሴቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት ከሚደርስ ጉዳት ለመጠበቅ የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርትና መረጃ የማግኘት መብት አላቸው ይላል። እንግዲህ የምጠይቀው ችሮታ አይደለም።

ከመምሪያው የምጠብቀው የሚከተለውን ነው። በመጀመሪያ ከባዮሎጂ መምህራን፣ ከጤና ባለሙያዎች፣ ከወላጆችና ከሃይማኖት አባቶች የተውጣጣ ትንሽ ኮሚቴ አቋቁሙ። ረቂቁን በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት መጀመሪያ ለውይይት አውጡት። እስከዚያው ድረስ ግን መጠበቅ የማያስፈልገው አንድ ሥራ አለ፤ ከጥር በፊት ቢሠራ እጅግ ደስ ይለኛል። በየትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ በየክፍሉም ግድግዳ፣ ጥቃት ወይም ያለ ዕድሜ ጋብቻ ሲያጋጥም የሚደወልባቸው ስልኮችና የሚኬድባቸው ቦታዎች በትልቁ ተጽፈው ይለጠፉ። የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ፣ ፖሊስ፣ ሐኪም ቤት፣ ከትምህርት ቤቱም አንድ የተመደበች ሴት መምህርት። የሚያስፈልገው ወረቀትና ማጣበቂያ ነው። እኔ ለትምህርት ቤቴ ጽፌ አዘጋጅቻለሁ፤ ማኅተም ብቻ ይጎድለዋል። በፈለጋችሁ ቀን ይዤ እመጣለሁ።

መልሳችሁን ለእኔ ብቻ ሳይሆን በየትምህርት ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ብትለጥፉት ወላጆችም ያነቡታል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የባዮሎጂ መምህርት፣ ጎንደር